መንግሥት ሲዘጋ ደሞዝ ምን ይሆናል? ለአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኞችና ለኮንትራክተሮች የተዘጋጀ መመሪያ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ሻትዳውን (የመንግሥት መዘጋት) የቴሌቪዥን ወሬ ብቻ አይደለም። በአንድ ሐበሻ ቤት ሚስት የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ባል ደግሞ በኩባንያ የተቀጠረ የፌዴራል ሕንፃ ጥበቃ ሊሆኑ ይችላሉ። ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ የበጀት ዓመቱ የሚጀምርበት ኦክቶበር 1 ከገባ የሁለቱም ገቢ ይቆማል። የእሷ ደሞዝ ግን ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል። የእሱ ጭራሽ ላይመጣ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ይህን ሳይለይ ሲቀር ነው። ደሞዙ የሚዘገይበት ሰው የጠፋ መስሎት የጡረታ ገንዘቡን ያወጣል። ደሞዙ የሚቀርበት ደግሞ "መጨረሻ ላይ ይከፍሉናል" ብሎ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

የ2025ቱ ሻትዳውን ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ድረስ 43 ቀን ዘልቋል። እስከዚያ ከታዩት ሁሉ ረጅሙ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ረጅሙ፣ በ2018 ዲሴምበር ጀምሮ በ2019 ጃንዋሪ ያበቃው የ35 ቀኑ ነው። ስለዚህ ስትዘጋጁ "ሦስት አራት ቀን ነው፣ ያልፋል" አትበሉ። ሁለት ሙሉ ደሞዝ ቢቀር ብላችሁ አስሉ።

1. ማን እንደሚከፍላችሁ እወቁ

ባጃችሁ አያሳስታችሁ። ፌዴራል ሕንፃ ውስጥ መሥራት ሌላ፣ የፌዴራል ሠራተኛ መሆን ሌላ ነው። ፔይ ስተባችሁን (የደሞዝ ወረቀታችሁን) አውጡና ከላይ የተጻፈውን የአሠሪ ስም እዩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የፌዴራል ሠራተኛ ናችሁ። የኩባንያ ስም ከሆነ ኮንትራክተር ናችሁ፤ ዩኒፎርማችሁ ላይ ምንም ቢጻፍ ለውጥ የለውም።

የፌዴራል ሠራተኛ ከሆናችሁ ሱፐርቫይዘራችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ሻትዳውን ቢመጣ እኔ ፈርሎ ነኝ፣ ኤክሴፕትድ ነኝ ወይስ ኤግዘምፕት?" ፈርሎ ማለት ቤታችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ደሞዝ የለም። ኤክሴፕትድ ማለት ሥራ ትገባላችሁ፣ ደሞዙ ግን ሻትዳውኑ እስኪያበቃ አይመጣም። የኤርፖርት ፈታሾች፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችና የፌዴራል እስር ቤት ጠባቂዎች እዚህ ውስጥ ናቸው። ኤግዘምፕት የሚባሉት ደሞዛቸው ከዓመታዊው በጀት የማይመጣ ነው። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ለምሳሌ በሻትዳውን ጊዜም ይከፈለዋል። ጡረታ የወጣችሁም አትስጉ፤ የፌዴራል ጡረታና ሶሻል ሴኩሪቲ አይቋረጡም።

ለፈርሎና ለኤክሴፕትድ ሠራተኞች ትልቁ መተማመኛ በጃንዋሪ 2019 የወጣው ሕግ ነው። ሻትዳውኑ ሲያበቃ የቀረው ደሞዝ ለሁለቱም እንዲከፈል ያዛል። በ2025 ከዋይት ሐውስ በጀት ቢሮ በኩል "ፈርሎ ላይ ለነበሩት ያለ ተጨማሪ ውሳኔ አይከፈልም" የሚል ክርክር ተነሥቶ ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር። በመጨረሻ ግን መንግሥትን የከፈተው ሕግ ራሱ ውዝፉ እንዲከፈል በግልጽ ደነገገ፣ ሰውም ደሞዙን አገኘ።

ኮንትራክተሮችን ይህ ሕግ አይነካቸውም። ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ካፌቴሪያ፣ ፓርኪንግ... የእኛ ሰው የሚበዛው ደግሞ እዚሁ ላይ ነው። ለእነሱም ይከፈል የሚል ረቂቅ ኮንግረስ ውስጥ በተደጋጋሚ ቀርቧል፤ እስከ 2025ቱ ሻትዳውን ድረስ አንዱም ሕግ አልሆነም። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ቢሮ ያለው ሰው የስድስት ሳምንት ደሞዙን አንድ ላይ ሲቀበል፣ ያንን ቢሮ የሚያጸዳው ሰው ምንም አያገኝም። ፍትሐዊ አይደለም፣ ግን የቤታችሁን ሒሳብ የምትሠሩት ባለው ሕግ ነው።

ኮንትራክተር ሁሉ ሥራ ያቆማል ማለትም አይደለም። አንዳንድ ኮንትራት ገንዘቡ አስቀድሞ የተመደበለት ነው። ኩባንያችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ። የእኛ ሳይት ገንዘቡ ተመድቦለታል ወይ? ካልተመደበ ወደ ሌላ ሳይት ልትመድቡን ትችላላችሁ ወይ? ዩኒየን ካላችሁ ደግሞ ተወካያችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ኩባንያው በግድ ቫኬሽናችሁን እንድትጨርሱ ሊያደርግ ይችል እንደሆነ የሚወስነው ብዙ ጊዜ የዩኒየኑ ውል ነው።

2. ወረቀታችሁን ከመዘጋቱ በፊት አውጡ

ይህ ደረጃ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም፣ ሰው ግን ይዘለዋል። ፈርሎ ላይ ያለ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ መክፈት፣ ኢሜይል ማየት፣ በፈቃዱም ቢሆን መሥራት አይፈቀድለትም። የሥራ መዝገባችሁ ያለበት ኢኦፒኤፍ የሚባለው ሲስተም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ብቻ ነው። መንግሥት ከተዘጋ በኋላ ወረቀቱን ስትፈልጉት አታገኙትም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ሥራችሁንና ደሞዛችሁን የሚያሳየውን የቅርብ ጊዜ ኤስኤፍ 50 ቅጻችሁን፣ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ፔይ ስተቦችና የመጨረሻውን ደብሊው 2 በግል ስልካችሁ ወይም በወረቀት ያዙ። ያላችሁን የዓመትና የሕመም ፈቃድ ሰዓት የሚያሳየውን ገጽም ፎቶ አንሡት፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል። የፈርሎ ደብዳቤው ሲሰጣችሁም ኮፒ አስቀሩ። በ2025 በሻትዳውኑ መሀል ከሥራ የመቀነስ ደብዳቤ የደረሳቸው ሰዎችም ነበሩ። በኋላ መንግሥትን በከፈተው ሕግ ቢሻርም፣ ወረቀቱ በእጁ የነበረ ሰው ጉዳዩን መከታተል ቀሎታል።

3. ደሞዙ በየትኛው ቀን እንደሚቀር ቁጠሩ

የፌዴራል ደሞዝ በየሁለት ሳምንቱ ነው፣ የሚከፈለውም ላለፈው ሥራ ነው። ስለዚህ መንግሥት በተዘጋ ማግሥት ወዲያው ባዶ አትሆኑም። የ2025ቱን ብናይ፣ በኦክቶበር አጋማሽ ገደማ የገባው ደሞዝ እስከ ሴፕቴምበር 30 የተሠራውን ብቻ የያዘ ጎዶሎ ደሞዝ ነበር። ቀጣዩ ዜሮ፣ ከዚያ በኋላ ያለውም ዜሮ።

የጎዶሎው ደሞዝ ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። የጤና ኢንሹራንስና የመሳሰሉት ተቀናሾች እንደ ሙሉ ደሞዝ ሊቆረጡ ይችላሉ። ደሞዛችሁ በሩብ ቢቀንስ፣ እጃችሁ የሚገባው ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ያንን ደሞዝ አምናችሁ ቼክ አትጻፉ።

4. አውቶፔይን አጥፉ፣ ቢሎቹን አሰልፉ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። በአውቶፔይ፣ ማለትም ከባንክ በራሳቸው የሚቆረጡ ቢሎች መንግሥት መዘጋቱን አያውቁም። አካውንቱ ባዶ ሆኖ ሳለ የመኪናው ይወጣል፣ የስልኩ ይወጣል፣ ጂሙም ይወጣል። አካውንቱ ውስጥ ካለው በላይ ለወጣ ለእያንዳንዱ ክፍያ (ኦቨርድራፍት) እስከ 35 ዶላር የሚያስከፍሉ ባንኮች አሉ። አንድ ቀን ሦስት ቢል ቢወጣ ከመቶ ዶላር በላይ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ቢያንስ የክሬዲት ካርዶቹን፣ የሰብስክሪፕሽኖቹንና የመኪናውን አውቶፔይ አጥፉና በእጃችሁ ክፈሉ።

ከዚያ አሰልፏቸው። ቤት ይቀድማል፣ ቀጥሎ መብራት፣ ጋዝና ውሃ፣ ከዚያ ሥራ የምትሄዱበት መኪናና ኢንሹራንሱ። ምግብ እንኳ ሳይባል የታወቀ ነው። ክሬዲት ካርድ ላይ ሚኒመሙን ብቻ ክፈሉ። ተጨማሪ እየከፈላችሁ ዕዳውን ለማቅለል የምትሞክሩ ከነበራችሁ ለጊዜው አቁሙት። በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ አሁን ከምንም በላይ ዋጋ አለው።

ወደ አገር ቤት የምትልኩት ገንዘብስ? ዝም ብላችሁ ከምትቀሩ ቀድማችሁ ንገሯቸው። "በዚህ ወር አይመጣም፣ ደሞዜ ሲለቀቅ አካክሳለሁ" ቢባሉ እናት አባት ይረዳሉ። የሚከፋው ሳይነገራቸው ሲጠብቁ ነው። በክሬዲት ካርድ ካሽ አድቫንስ አውጥቶ መላክ ግን ወለዱ ከዚያው ቀን ስለሚጀምር በምንም መንገድ አያዋጣም።

5. ቢል ከማለፉ በፊት ደውሉ

አበዳሪ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ ቀድሞ የደወለና ከዘገየ በኋላ የደወለ አንድ ዓይነት አይስተናገዱም። ኦፒኤም የሚባለው የፌዴራል የሠራተኛ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ለባንክና ለአከራይ የሚላኩ ናሙና ደብዳቤዎች በድረ ገጹ ላይ አሉት። እነሱን ሞልታችሁ ከፈርሎ ደብዳቤው ጋር ላኩ። ኮንትራክተሮች ሥራ መቆሙን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ከኩባንያችሁ ጠይቁ፤ እሱም ያገለግላል።

ለሞርጌጅ ስትደውሉ "እናዘግይልዎታለን" ሲሏችሁ ተደስታችሁ ስልኩን አትዝጉ። ሦስት ነገር አስረግጣችሁ ጠይቁ። ያለፈው ክፍያ መጨረሻ ላይ ይጨመራል ወይስ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል? ለክሬዲት ቢሮ እንደ ዘገየ ይገለጻል ወይ? በመሀሉ ሌት ፊ ይቆጠራል ወይ? የነገሯችሁን በጽሑፍ እንዲልኩ አድርጉ፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ቀኑንም ጻፉ። ሦስት ወር የተዘገየ ሞርጌጅ በአራተኛው ወር ሙሉውን አምጡ ከተባለ እርዳታ አይደለም።

ተከራዮች በጽሑፍ ለአከራያችሁ አሳውቁ፣ የምትችሉትን ያህልም ክፈሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሻትዳውኑ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ደሞዙ የቀረበት የፌዴራል ሠራተኛም ሆነ ኮንትራክተር ማስረጃ ይዞ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከቤት የማስወጣት ክሱ በ60 ቀን እንዲራዘምለት መጠየቅ ይችላል። መብቱ ግን በራሱ አይመጣም። ፍርድ ቤት የቀጠረላችሁን ቀን ካልተገኛችሁ አይሠራም።

6. አንኢምፕሎይመንት፦ ማን ያመልክት፣ ማን ይመልስ?

አንኢምፕሎይመንት ሥራ ለቆመበት ሰው ስቴቱ በየሳምንቱ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ፈርሎ ላይ ያላችሁና ሥራ የቆመባችሁ ኮንትራክተሮች ማመልከት ትችላላችሁ። ኤክሴፕትድ ሆኖ ሙሉ ሰዓት የሚሠራ ሰው ደሞዝ ባያገኝም በአብዛኛው ይከለከላል። ያስቃል፣ ግን ሕጉ እንደዚያ ነው። ለእነዚህ ሜሪላንድ 700 ዶላር ያለ ወለድ የምታበድርበት ፕሮግራም አላት። ብዙ ባይሆንም የመብራትና የምግብ ወጪ ይሸፍናል።

የምታመለክቱት በምትኖሩበት ሳይሆን በምትሠሩበት ስቴት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖራችሁ ዲሲ የምትሠሩ ከሆነ ማመልከቻው የዲሲ ነው። በ2025 ዲሲ በሳምንት ቢበዛ 444 ዶላር፣ ሜሪላንድ ደግሞ 430 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ለፌዴራል ሠራተኞች ኤስኤፍ 8 የሚባል ቅጽ ከመሥሪያ ቤቱ ይሰጣል፤ ከእሱ ጋር ኤስኤፍ 50ውንና ፔይ ስተቦቹን አያይዙ። ሲቲዝን ያልሆናችሁ የሥራ ፈቃዳችሁን ወይም የግሪን ካርዳችሁን ቁጥር አዘጋጁ።

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አትፈሩ። ዲሲ ውስጥ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አማርኛ በከተማው በብዛት ከሚጠየቁት ቋንቋዎች አንዱ ነው። "አማርኛ" ብላችሁ ጠብቁ፤ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ ማስተርጎም የለባችሁም።

በመጀመሪያው ሳምንት አመልክቱ። ሲስተሙ በሰው ይጨናነቃል፣ የመጀመሪያውን ሳምንት የማይከፍሉ ስቴቶችም አሉ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሰርቲፋይ ማድረግ (አሁንም ሥራ እንደቆመባችሁ ማረጋገጥ) አትርሱ፤ አንድ ሳምንት ከዘለላችሁ ክፍያው ይቆማል። በመሀል ኡበር ነድታችሁ ያገኛችሁትንም አሳውቁ። የተደበቀ ገቢ በኋላ ከቅጣት ጋር ይመጣል።

የፌዴራል ሠራተኛ ውዝፍ ደሞዙ ሲከፈለው የወሰደውን አንኢምፕሎይመንት ይመልሳል። ስለዚህ እንደ ወለድ አልባ ብድር ቁጠሩት። ኮንትራክተር ግን ውዝፍ ስለማይከፈለው አይመልስም። ይህን ባለማወቅ "ኋላ ዕዳ ይሆንብኛል" ብሎ ሳያመለክት የሚቀር ኮንትራክተር ብዙ ነው። አሠሪያችሁ በስማችሁ ግብር የከፈለበት ኢንሹራንስ ነው፣ ውሰዱት።

7. ከተበደራችሁ ከየት?

ደሞዛችሁ የሚገባባቸው ክሬዲት ዩኒየኖች (ባለቤቶቻቸው አባላቱ የሆኑ እንደ ባንክ የሚሠሩ ተቋማት) ቀዳሚ ምርጫ ናቸው። ኔቪ ፌዴራል ለምሳሌ በሻትዳውን ጊዜ ዲሬክት ዲፖዚታቸው እዚያ ለሚገባ የፌዴራል ሠራተኞች በዜሮ ወለድ ያበድራል። ገንዘቡ ውዝፉ ሲገባ በራሱ ይቆረጣል። ሌሎች ክሬዲት ዩኒየኖችም ተመሳሳይ ፕሮግራም አላቸው፤ ሻትዳውኑ ሳይጀምር መመዝገቡ ይሻላል።

ዕቁብ የምትጥሉ ከሆነ ከሁሉ በፊት ዳኛውን አናግሩ። ዕጣ ያልወጣላችሁ ከሆነ ገና ካልወሰደና ተራው ከእናንተ ከሚቀድም ሰው ጋር ተራ መለዋወጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ዕቁብ ላይ ለቸገረው ቅድሚያ መስጠት የተለመደ ነው፣ ወለድም የለውም። ዕጣ ወስዳችሁ ከሆነና እየጣላችሁ ከሆነ ግን መጣሉን ከክሬዲት ካርድ በላይ አስቀድሙት። ዋሳችሁ የሆነ ሰው ምናልባት እሱም ፈርሎ ላይ ነው።

የማትነኩት የጡረታ ገንዘባችሁን ነው። የፌዴራል ሠራተኛው ቲኤስፒም ሆነ የኩባንያ ሠራተኛው 401ኬ፣ ዕድሜያችሁ ከ59 ዓመት ከመንፈቅ በታች ከሆነ በአብዛኛው ከታክሱ ሌላ 10 ከመቶ ቅጣት ይቆረጥበታል። የሚዘገይ ደሞዝ ላለው ሰው፣ ለስድስት ሳምንት ጉድለት ይህን መክፈል ትልቅ ኪሳራ ነው። ፔይዴይ (እስከ ሚቀጥለው ደሞዝ በከፍተኛ ወለድ የሚሰጥ) ብድርና መኪና የሚያዝበት የታይትል ብድርም እንዲሁ። በስልክ ደውሎ "የሻትዳውን እርዳታ ጸድቆልዎታል፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን ይስጡን" የሚል ካለ ዝጉበት።

8. ኢንሹራንስ

የፌዴራል የጤና ኢንሹራንስ አይቋረጥም፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። ያልተከፈለው ፕሪሚየም ስትመለሱ ከደሞዛችሁ ይቆረጣል። የሕይወት ኢንሹራንሱም ይቀጥላል። ኮንትራክተሮች ግን ኩባንያውን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ሰዓት ካልሠራን ኢንሹራንሱ እስከ መቼ ነው? ሕመምተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ቤት ውስጥ ካለ ይህ ከቤት ኪራዩም በፊት የሚጠየቅ ነው።

9. በመሀሉ ሌላ ሥራ

ኡበር፣ ሊፍት፣ የዘመድ ሬስቶራንት፣ የምታገኙትን ሥሩ። ፈርሎ ላይ ያለ የፌዴራል ሠራተኛ ግን የሥነ ምግባር ደንቡ አብሮት ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ለማንኛውም የውጭ ሥራ ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃጁ ራሱ ፈርሎ ሊወጣ ስለሚችል ከመዘጋቱ በፊት አስፈቅዱ። ደለስ ወይም ሬገን ኤርፖርት ላይ ለመንዳት ያሰባችሁ ደግሞ፣ ሻትዳውኑ ሲረዝም በረራም እንደሚቀንስ አስቡበት። በኖቬምበር 2025 በ40 ትልልቅ ኤርፖርቶች በረራ እንዲቀነስ ታዝዞ ነበር።

10. ደሞዙ ሲገባ

ውዝፉ አንድ ላይ ወይም ተከፋፍሎ ሊገባ ይችላል። ከመደሰታችሁ በፊት ፔይ ስተቡን ከቀድሞው ጋር አስተያዩ። ሰዓቱ ሙሉ ነው? የማታና የኦቨርታይም ክፍያ አለ? በፎቶ ያስቀራችሁት የፈቃድ ሰዓት ላይ የሻትዳውኑ ጊዜ ተጨምሯል? የኢንሹራንስ ፕሪሚየሙ ሁለት ጊዜ አልተቆረጠም? ስሕተት ካለ ለፔይሮል በኢሜይል ጻፉ፣ በስልክ ብቻ አትተዉት።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የአንኢምፕሎይመንቱን መመለሻ ነጥላችሁ አስቀምጡ፣ የዘገየውን ቤትና መኪና ክፈሉ፣ የተበደራችሁትን መልሱ፣ አውቶፔዩን መልሳችሁ አብሩ። ስቴቱ የመመለሻ ደብዳቤውን ሳምንታት ቆይቶ ሊልክ ይችላል። ገንዘቡ እስከዚያ እጃችሁ ላይ ስለቆየ የእናንተ አይሆንም።

ጃንዋሪ ላይ 1099 ጂ የሚባል የታክስ ቅጽ ይመጣላችኋል። አንኢምፕሎይመንት ታክስ ይከፈልበታል። በዚያው ዓመት ከመለሳችሁት ግን የመለሳችሁት ተቀንሶ ይታሰባል። ስለዚህ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ለታክስ ሠሪያችሁ ስትሄዱ ይዛችሁ ግቡ። ኮንትራክተሮች ደግሞ ስታመለክቱ 10 ከመቶ ፌዴራል ታክስ እንዲቆረጥላችሁ ምረጡ፤ አለዚያ ኤፕሪል ላይ ያልጠበቃችሁት ቢል ይጠብቃችኋል።